ዐሥራ አንድ ቀን

በየዓመቱ በጥር፣ ታርቱ በረዶ ስትለብስ፣
ከሂዩማ ደሴት በሲባጎ የታሰረ ደብተር ይደርሳል፣ ጠርዙ እንደራሰ፣ እስኪተረተር ድረስ።
ላኪው ቮልዴማር ነው፤ የመብራት ማማ ጠባቂ የነበረ፣
መርከብ ሲመራ ኖሮ፣ በጡረታው ቁጥር መምራት የጀመረ።

የእኔ ሥራ ስሕተቱን ማግኘት፣
ገጽና መስመሩን ጽፎ፣ አመስግኖ መሸኘት።
ሄልቪ፣ ጸሐፊያችን፣ መሳቢያ አላት ለእንዲህ ያለው፤
«የዓለም ችግር ሁሉ እዚህ ተፈትቶ ነው ያለው»
ትላለች። ክበብን ካሬ ያደረገ የጥርስ ሐኪም አለ፤
ጨለማውን ቁስ መዝኖ የጨረሰ ቧንቧ ሠራተኛም አለ።

የቮልዴማር ጥያቄ ለሕፃን ይገባል፤ ክፋቱም እሱ ነው፦
ቁጥር አንሣ፤ ተጋማሽ ከሆነ ለሁለት ክፈለው፤
ካልሆነ በሦስት አባዛ፣ አንድ ጣል አድርግበት፤
ሄዶ ሄዶ ከአንድ ያርፋል ይላሉ፣ ከየትም ቢነሡበት።
የተሞከረው ሁሉ አርፏል። የቀረው ግን ማለቂያ የለበት።

ሃያ ስድስት በዐሥር እርምጃ ቤቱ ይገባል፤
ጎረቤቱ ሃያ ሰባት ግን አብዷል፤
ዘጠኝ ሺህ ሁለት መቶ ሠላሳ ሁለት ድረስ ይንራል፤
መቶ ዐሥራ አንድ እርምጃ ተንከራቶ፣ እንደ ሰካራም በሩን ያንኳኳል።

ለምን? ማንም አያውቅም።

ስምንት ዓመት፣ ስምንት ስሕተት።
«ክቡር ሆይ፣ ገጽ ዐሥር፣ መስመር አራት፤
በአክብሮት።» እሱም፦ «ልክ ነዎት።
ዓሣው ዘንድሮ ጥሩ ነው። እስከ ጥር፣ መልካም ቀናት።»

ዘጠነኛው መጣ። አርባ አራት ገጽ።
በምሳ ሰዓት እጨርሰዋለሁ ብዬ ነበር የተቀመጥኩ።
ሄልቪ መብራት አጥፍታ ስትወጣ መልሼ አበራሁ።
በሦስተኛው ቀን እጄ ይንቀጠቀጥ ጀመር፤
በአምስተኛው፣ ለፕሮፌሰር ታውነር ልንገር አልንገር
እያልኩ ከበሩ ተመለስኩ። ምን ልበል? «መብራት ሲጠብቅ የኖረ ሰው
ስንቱን ሊቅ ያጎበጠ ቋጠሮ በእርሳስ ፈታው»?
በሰባተኛው ሌሊት፣ እውነቱን ልናገር፣ ቀናሁ።
በስምንተኛው፣ በመቅናቴ ዐፈርኩ።
በዘጠነኛው (ይህን ለማንም አልነገርኩ)
ደስ አለኝ። ይህን የምናውቅ በምድር ላይ ሁለት ነን ብዬ፣
ዳቦ ልገዛ ወጥቼ፣ ገንዘቡን ከፍዬ፣
ዳቦውን ሱቅ ረስቼ ተመለስኩ።

በዐሥራ አንደኛው ቀን፣ ገጽ ሠላሳ አንድ ላይ፣ አንዲት ቃል አየሁ፤
እንደ ደጅ ድንጋይ ሃያ ጊዜ ረግጬ አልፌያታለሁ።
«ሁልጊዜ» ትላለች።
ሁልጊዜ? ማን አላት? ጣሪያውን ብቻዋን ተሸክማ ቆማለች፤
ገፋ ሳደርጋት፣ ሳትጮኽ፣ ወደቀች።

«ክቡር ሆይ» ብዬ ጀመርኩ፤ ብዕሬ እምቢ አለኝ።
በማግስቱ አውቶቡስ፣ ከዚያ የረጋው ባሕር ተሸክሞ አደረሰኝ።
«ቀበቶህን ፍታ» አለ ሾፌሩ፤ «በረዶው ቢሰነጠቅ
ቶሎ መውጣት እንጂ መታሰር አይጠቅምህም፤ ይህን እወቅ።»

ቮልዴማር ደጅ ቆሟል፣ አንድ ጆሮው የማይሰማ፤
ሰላምታዬን ሳልጨርስ ይዞኝ ወጣ ወደ ማማ።
ደረጃውን ጮክ ብሎ ሲቆጥር፣ መቶ ዘጠኝ ላይ አለቀ።
«ለሃያ ሰባት ሁለት ይጎድለዋል» አለና ሳቀ።

«ገጽ ሠላሳ አንድ» አልኩ።
«መስመር ዘጠኝ» አለ።
«ፖስታ ቤት ሰጥቼው ስመለስ፣ መንገድ ላይ ታየኝ።»
«ታዲያ ምነው አልጻፉልኝ?»
መስተዋቱን በእጅጌው ጠረገ፤ ጠርጎም ዝም አለ።
«ስንት ቀን ያዘህ?»
«ዐሥራ አንድ።»
«ዐሥራ አንድ ቀን እውነት ነበረ፤ ቢያንስ በአንድ ሰው ዘንድ።»

ከታች ባሕሩ ከበረዶው ሥር አቃሰተ።
ስንወርድ እኔም ቆጠርኩ፤ መቶ ስምንት ሆነብኝ።
«ድገመው» አለኝ።